የማይቀደደው ብረት

(ከጠዋቱ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በር ላይ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉት ቴክኒሻን ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን ቆልፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀድሞ ተማሪያቸውና የዛሬው የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ናሁሰናይ ከፊታቸው ቆሟል።)

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምለምንዎት። ቁልፉን ይስጡኝ።

ደብሪቱ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምመልስልህ። አልሰጥም።

ናሁሰናይ፦ እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ እዚህ በር ላይ ናቸው እኮ!

ደብሪቱ፦ ይምጡ፤ እግራቸውን ማን ያዘው? መቀመጫ ካጡ በርጩማዬን እለቅላቸዋለሁ።

ናሁሰናይ፦ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ በርጩማ?

ደብሪቱ፦ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ በርጩማ ሲጋፋ ቢውል ይሻላል፣ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ድንኳን ከሚተከል።

ናሁሰናይ፦ ኧረ በማርያም! ገና በጠዋቱ ሟርት?

ደብሪቱ፦ ሟርት አይደለም። ብረቱን አይቼዋለሁ።

ናሁሰናይ፦ የቱን ብረት?

ደብሪቱ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ናሁሰናይ፦ ቤተ ሙከራው በሞላ ብረት ነው፤ የቱን እንዳሉኝ በምን ልወቅ?

ደብሪቱ፦ እንግዲያው እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ላስረዳህ። እዚህ በር ውስጥ አንድ ወፍራም የብረት ድስት አለ፤ እናንተ ሪአክተር የምትሉት። ዘይት ይገባበታል፣ ጋዝ ይታመቅበታል፣ ክዳኑ በስምንት ብሎን ይጠብቃል። ክዳኑ ላይ እንደ ጣሳ ክዳን የሳሳች አንዲት ዲስክ አለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ፣ ድስቱ ሳይፈነዳ፣ እሷ ቀድማ ተቀድዳ ማስተንፈስ። ሰኞ ተቀደደች። ትናንት ከሰዓት ክዳኑን ስፈታ በእሷ ቦታ ምን ተቀምጦ አገኘሁ? ከቶርኖ ቤት ትኩስ የወጣ፣ ግማሽ ጣት የሚወፍር ድፍን ብረት!

ናሁሰናይ፦ ጊዜያዊ ነው።

ደብሪቱ፦ ጊዜያዊው ብረቱ ነው ወይስ እኛ?

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ መለዋወጫው ዲስክ ከታዘዘ አራት ወሩ ነው። ግዢ ክፍል በሄድኩ ቁጥር «መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል።

ደብሪቱ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ቀዳዳውን በጨርቅ ልወትፈው?

ደብሪቱ፦ በጨርቅ ብትወትፈው ይሻል ነበር። ጨርቅ ቢያንስ ነገር ሲመጣ ቦታ ይለቃል።

ናሁሰናይ፦ ቀልዱን እንተወውና በቁጥር እንነጋገር። የምንሠራው በሠላሳ ባር ግፊት ነው። ድስቱ እስከ መቶ ባር እንደሚችል ጎኑ ላይ ተቀርጿል። ሠላሳ የት፣ መቶ የት!

ደብሪቱ፦ ሰኞስ በስንት ነበር የምንሠራው?

ናሁሰናይ፦ በሠላሳ።

ደብሪቱ፦ ዲስኳ የምትቀደደው በስንት ነው?

ናሁሰናይ፦ በስድሳ።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ሠላሳ ላይ የነበረውን ግፊት ማን አዝሎ ስድሳ አደረሰው?

ናሁሰናይ፦ ማንም አላደረሰውም። ዲስኩ አርጅቶ ነው፤ ያረጀ ነገር በሠላሳም ይቀደዳል። ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው እንደዚያ ነው።

ደብሪቱ፦ ሪፖርቱን የጻፈው ማነው?

ናሁሰናይ፦ እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ ሰኞ እዚህ ነበርክ?

ናሁሰናይ፦ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እርስዎ ያውቁታል።

ደብሪቱ፦ አውቀዋለሁ። ያላየውን ሲጽፍ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው እኮ ትልቅ ቦታ ይደርሳል። እኔ ግን ነበርኩ። ዲስኳን ከስድስት ወር በፊት በዚህ እጄ የቀየርኳትም እኔ ነኝ። አላረጀችም። ሥራዋን ነው የሠራችው።

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ ምን አዩ?

ደብሪቱ፦ የጉሎው ዘይትና ጋዙ ሲዋሃዱ ከራሳቸው ሙቀት ያወጣሉ፤ ይሄን አንተ ታስተምራለህ። ያንን ሙቀት እየወሰደ የሚያበርደው በድስቱ ዙሪያ የሚዞረው ውሃ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ውሃ ጠፋ። ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ አልሰማኝም። ጋዙን ዘጋሁ፤ አልሰማኝም። ድስቱ አንዴ ከተቆጣ እንደ ሰከረ ሰው ነው፤ ጠርሙሱን ብትቀማውም የጠጣው ሆዱ ውስጥ አለ። መርፌው አርባን አለፈ፣ ሃምሳን አለፈ። ስድሳን ሲነካ ዲስኳ ጧ! አለች።

ናሁሰናይ፦ ማስተንፈሻ ቫልቭ አለን እኮ። እሱ በሃምሳ ይከፈታል። ሁለት መከላከያ የተገጠመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ባይኖር ሌላው አለ።

ደብሪቱ፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ሰኞ ሃምሳ ላይ ተከፈተ?

ናሁሰናይ፦ እሱን… አላውቅም።

ደብሪቱ፦ አልተከፈተም። ለምን እንዳልተከፈተ ፈትቼ አየሁት። ጉሮሮው በሰም ተደፍኗል።

ናሁሰናይ፦ በሰም?

ደብሪቱ፦ የምንሠራው ምንድን ነው? ከጉሎ ዘይት ሰም አይደለም? ድስቱ ውስጥ ሲግል ፈሳሽ ነው፤ ቀዝቃዛው ቫልቭ ጋ ሲደርስ ይረጋል። ዛሬ ጠብታ፣ ነገ ጠብታ፣ ከነገ ወዲያ ሻማ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው፤ ሰምም እንደዚያው።

ናሁሰናይ፦ አሁን ግን አጽድተውታል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንደ መስታወት ያበራል።

ደብሪቱ፦ አጽድቼዋለሁ። በስንት ባር እንደሚከፈት ማን ፈተነው? ውስጡ ያለው ሞላ ይላላ ይጥበቅ በምን አውቃለሁ? መፈተኛ መሣሪያ አለን?

ናሁሰናይ፦ የለንም።

ደብሪቱ፦ ስለዚህ አንዱ ጠባቂያችን ይንቃ ይተኛ አይታወቅ፤ ሌላው ብረት ሆኖ ቀርቷል። ውሃውስ? ዛሬ ጠዋት ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አሳለ እንጂ ጠብ አላለለትም።

ናሁሰናይ፦ ጣሪያው ላይ ያለውን ታንከር አስሞልቻለሁ።

ደብሪቱ፦ ለስንት ሰዓት ይበቃል?

ናሁሰናይ፦ ለአንድ… ለአንድ ሰዓት ተኩል።

ደብሪቱ፦ ሙከራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ናሁሰናይ፦ ሦስት።

ደብሪቱ፦ አንተ ነህ በቁጥር እንነጋገር ያልከው።

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ እርስዎ ለሁሉም ነገር መልስ አለዎት። እኔ ግን ከዲኑ ጋር የምነጋገርበት መልስ የለኝም። ለሰዎቹ ቃል ገብተዋል። ሰሙ ከድስቱ ሲወጣ በዓይናቸው ይዩ ብለዋል።

ደብሪቱ፦ የባለፈው ሳምንት ሰም በብልቃጥ ሞልቶ መደርደሪያ ላይ አለ። ይንኩት፣ ያሽትቱት፣ ከፈለጉ ጫማቸውን ይቀቡት። ሪአክተሩንም ባዶውን፣ ቀዝቃዛውን፣ ክዳኑን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። ይሄን እሺ ካልክ በሩን አሁን እከፍትልሃለሁ።

ናሁሰናይ፦ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ባለቤቶች ናቸው። ብልቃጥ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ አልመጡም።

ደብሪቱ፦ ዘመዶቻቸውስ ሬሳ ለማየት ነው የሚመጡት?

ናሁሰናይ፦ ዛሬ ካልታየ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? ይሄ ክፍል ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ ይሰጣል። ዲኑ በግልጽ ነግረውኛል። አምስት ተማሪ መመረቂያው ውሃ ይበላዋል። እርስዎም ሃያ ስድስት ዓመት የለፉበት ቤት ይዘጋል። ይሄን ነው የሚፈልጉት?

ደብሪቱ፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ከአምስቱ ተማሪዎች አንዷ ማን ናት?

ናሁሰናይ፦ መቅደላዊት።

ደብሪቱ፦ ሰኞ ዲስኳ ስትቀደድ የፈላው ዘይት የት እንዳረፈ ታውቃለህ? ማስወጫው ቱቦ ወደ ውጭ ይቀጠል ብዬ ስንት ማመልከቻ ጻፍኩ? አልተቀጠለም። ዘይቱ ግድግዳው ላይ አረፈ። ከግድግዳው ፊት ደግሞ የመቅደላዊት ወንበር አለ።

ናሁሰናይ፦ መቅደላዊት ደህና ናት! ትናንት አግኝቻታለሁ።

ደብሪቱ፦ ደህና ናት፤ ምክንያቱም ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሮጣ ነበር። ስትመለስ የወንበሯን መደገፊያ ቀልጦ አገኘችው። ጀሪካኑን እንደያዘች ቁጭ አለች፣ መሬት ላይ። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። አንተ ሪፖርትህ ላይ ምን አልክ? «በሰውና በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።»

ናሁሰናይ፦ አልነገረችኝም።

ደብሪቱ፦ አማካሪዋ ነህ። ጠየቅካት?

ናሁሰናይ፦ ስልኬ ጠራ… ሄሎ? አቤት፣ ክቡር ዲን። አዎ፣ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ። አይ፣ ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል… አዎ፣ እሳቸው እዚሁ ናቸው። እሺ። እሺ። ይደረጋል።

ደብሪቱ፦ ምን ይደረጋል?

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ ይሄን ከኪሴ ባላወጣው ደስ ይለኝ ነበር። ትናንት የተጻፈ ነው። ዲኑ ፈርመውበታል።

ደብሪቱ፦ አምጣው እስቲ። መነጽሬን… «የሥራ ትእዛዝ ባለመቀበልና የመንግሥትን መሣሪያ ያለ ፈቃድ በመፍታት…» አሃ። የእግድ ደብዳቤ ነው። ደግሞ ስሜን አሳስተውታል፤ «ድብሪቱ» ይላል።

ናሁሰናይ፦ ይቀደዳል። ቁልፉን ከሰጡኝና የፍተሻ ቅጹ ላይ ከፈረሙ እዚህ ፊትዎ እቀደዋለሁ።

ደብሪቱ፦ እንግዲህ ዘንድሮ መቀደድ ያለበት አይቀደድ፣ መቀደድ የሌለበት ይቀደዳል። ተረከብኩ ብዬ የምፈርመው የት ላይ ነው?

ናሁሰናይ፦ ምን?

ደብሪቱ፦ ግልባጩ ላይ ነው? እዚህ ጋ? ይኸው። ፈረምኩ። ቀንም ጻፍኩበት። ስሜንም አርሜዋለሁ።

ናሁሰናይ፦ እትዬ! ምን ነካዎት? ጡረታዎ ሦስት ዓመት ነው የቀረው!

ደብሪቱ፦ ቆጥሬዋለሁ።

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ይነሱ። ታግደዋል፤ እዚህ መቀመጥ አይችሉም።

ደብሪቱ፦ ሠራተኛዋ ነች የታገደችው። እኔ አሁን አላፊ አግዳሚ ነኝ። አላፊ አግዳሚ ደክሞት ኮሪደር ላይ ቢያርፍ የሚከለክል ደንብ አለ?

ናሁሰናይ፦ በርጩማው የዩኒቨርሲቲው ነው።

ደብሪቱ፦ በርጩማውን ውሰደው፤ መሬቱ ይበቃኛል። ጥበቃ ጥራና አስነሣኝ ደግሞ። እንግዶችህ ሲገቡ አንዲት ሽማግሌ ሴት በሁለት ዘብ ተንጠልጥላ ስትወጣ ይዩ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ከእነሱ አልደብቅም፤ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።

ናሁሰናይ፦ እውነቱን ልንገርዎት? ይሄ የዛሬው ሪአክተር ጉዳይ አይደለም። እርስዎ ከአቶ ገላግሌ አደጋ ወዲህ ፈሪ ሆነዋል።

ደብሪቱ፦ ማንን ነው የጠራኸው?

ናሁሰናይ፦ አቶ ገላግሌን። አብረውዎት ይሠሩ የነበሩትን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የግፊት መለኪያ ባዩ ቁጥር የሚያዩት እሳቸውን ነው።

ደብሪቱ፦ ልክ ነህ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ለእሱ አንድ ዓይን ነው የቀረለት፤ ስለዚህ በጠፋችው ዓይኑ ቦታ ሆኜ እኔ አይለታለሁ።

ናሁሰናይ፦ የእሳቸውም አደጋ ቢሆን ከቫልቭና ከዲስክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኮሚቴ ተቋቁሞ ተጣርቷል። የሠራተኛው ቸልተኝነት ነው ተብሎ ተዘግቷል።

ደብሪቱ፦ ተዘግቷል። ከሥሩ በምስክርነት የፈረመው ማነው?

ናሁሰናይ፦ እርስዎ ነዎት።

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ። በዕድሜዬ አንድ የውሸት ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ያችን። ሁለተኛ የማልፈርመው ለዚህ ነው።

ናሁሰናይ፦ የውሸት ማለት?

ደብሪቱ፦ ያኔ ትንሿ ሪአክተር ነበረች። ቫልቯ ታፏጭ ነበር። ግፊቱ አልቆም እያለ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቁጥር ያጣ አንድ ተማሪ ነበር። ጥሩ ተማሪ፤ ግን ቸኩሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እሱም ቸኩሎ የቫልቩን መውጫ በብሎን ደፈነው። ፉጨቱ ቆመለት። ገላግሌ ከምሳ ሲመለስ መርፌው ቀዩን አልፎ አየ። ተማሪውን በክርኑ ወደ በሩ ወረወረው። ማሞቂያውን አጠፋ። ብሎኑን ሊያላላ ጎንበስ አለ። ብሎኑ ከመፍቻው ቀደመ።

ናሁሰናይ፦ እትዬ፣ በቃ።

ደብሪቱ፦ አልበቃም። ወለሉን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ደሙንም፣ ስብርባሪውንም። ብሎኑን ቁምሳጥን ሥር አገኘሁት። የቤተ ሙከራችን ብሎን አልነበረም፤ የብስክሌት ብሎን ነበር። በዚያ ዓመት ከተማሪው ሁሉ ብስክሌት ያለው አንድ ልጅ ነበር።

ናሁሰናይ፦ ያውቁ ነበር።

ደብሪቱ፦ አውቅ ነበር።

ናሁሰናይ፦ አሥራ አራት ዓመት!

ደብሪቱ፦ ብሎኑን በመሐረብ ቋጥሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። በጣቱ ዳሰሰውና «ጣይው» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ለእኔ አንድ ዓይን ይቀረኛል፤ ልጁ ግን ከትምህርቱ ከተባረረ ምን ይቀረዋል?» አለኝ። እሱ ስላለኝ ፈረምኩ። «ቸልተኛ» ብለው ካሣ ከለከሉት። አሁን ገበያው ዳር የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናል።

ናሁሰናይ፦ የት እንደሚሠሩ አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ እንደምታውቅማ እሱም ያውቃል። በየፋሲካው ስም የሌለው በግ ሲመጣለት ዝም ብሎ የሚያርደው ይመስልሃል? «የልጁ በግ መጣ» ብሎ ነው ለሚስቱ የሚነግራት።

ናሁሰናይ፦ ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቀን እንኳ! ፊት ለፊት ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ኮሪደር ባለፍኩ ቁጥር… እኔ እኮ ማንም አያውቅም ብዬ ነው የኖርኩት።

ደብሪቱ፦ ተምሯል ብዬ። ብልህ ከሰው ውድቀት ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይላሉ፤ ከራሱም ቢሆን ይማር፣ ግድ የለም አልኩ። ዶክተር ሆነህ ስትመለስ እልል ያልኩት ከልቤ ነው። ትናንት ግን ያንን ድፍን ብረት በእጄ ሳነሣው ክብደቱን አወቅኩት። ያ ብሎን አድጎ ዶክተር ሆኖ መጥቷል አልኩ።

ናሁሰናይ፦ ይሄ ግፍ ነው፣ እትዬ።

ደብሪቱ፦ ግፍ ነው። በማን ላይ እንደሆነ ግን እንለይ።

ናሁሰናይ፦ ብረቱን ያስቀረጽኩት… ዲኑ «መላ ፈልግ» አሉኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ሌሊቱን ሙሉ ስሌት ስሠራ ነው ያደርኩት። ስሌቱ ትክክል ነው። ምንም ካልተበላሸ ምንም አይሆንም።

ደብሪቱ፦ «ምንም ካልተበላሸ»! እነዚህ ዕቃዎች የተፈለሰፉት እኮ ነገር ይበላሻል ብሎ ላመነ ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ናሁሰናይ፦ የመኪና ጥሩምባ ነው። እንግዶቹ የግቢው በር ጋ ደርሰዋል መሰለኝ።

ደብሪቱ፦ ሰማሁ።

ናሁሰናይ፦ እትዬ… ቁልፉን ይስጡኝ።

ደብሪቱ፦ እንካ።

ናሁሰናይ፦ …ይሰጡኛል?

ደብሪቱ፦ ታግጃለሁ። የታገደ ሰው ኪስ ውስጥ ቁልፍ ምን ይሠራል? ውሰድ። ከእሱ ጋር ግን ይሄም አለ።

ናሁሰናይ፦ ምንድን ነው?

ደብሪቱ፦ የፍተሻው ቅጽ ነዋ። ያለ እሱ ሪአክተሩ አይለኮስም፤ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ባለፈው ዓመት። ከታች ያለችውን መስመር አንብባት።

ናሁሰናይ፦ «ቴክኒሻኑ በማይኖርበት ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል።»

ደብሪቱ፦ ቴክኒሻኗ የለችም። ደብዳቤዋን ይዘህላት መጣህ። ስለዚህ ከላይ ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብና ፈርም።

ናሁሰናይ፦ ማንበቡ ምን ያደርጋል? አውቀዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ዶክተር፣ አንብብ!

ናሁሰናይ፦ «ማስተንፈሻ ቫልቩ ተፈትኖ በትክክለኛው ግፊት መከፈቱን…» «የደህንነት ዲስኩ…»

ደብሪቱ፦ ምነው ድምፅህ ሟሸሸ?

ናሁሰናይ፦ «የደህንነት ዲስኩ በተገቢው ልክ የተገጠመ መሆኑን በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ። በዚህ ክፍል ውስጥ ለሚገኝ ሰው ሕይወት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

ደብሪቱ፦ ቆንጆ አማርኛ ነው። አንተ ነህ የጻፍከው። መቅደላዊትም ዛሬ አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሳ መጥታለች፤ ለእንግዶቹ የምታስረዳው እሷ ናት አሉ።

ናሁሰናይ፦ እኔ ነኝ ያልኳት። ድስቱ አጠገብ ሆና እንድታስረዳ።

ደብሪቱ፦ እስክሪብቶ ከሌለህ የእኔ ይኸው።

ናሁሰናይ፦ አለኝ።

ደብሪቱ፦ ፈርም እንጂ! ሰዎቹ ደረጃውን እየወጡ ነው።

ናሁሰናይ፦ …አይጽፍም።

ደብሪቱ፦ የእኔን ሞክር። አሁን እግዴን የፈረምኩበት ነው፤ እንደ ምንጭ ይፈሳል።

ናሁሰናይ፦ ይሄም አይጽፍም።

ደብሪቱ፦ እስክሪብቶው ይጽፋል፣ ናሁሰናይ። እምቢ ያለው እጅህ ነው።

ናሁሰናይ፦ …ሄሎ፤ ክቡር ዲን? አዎ፣ እንግዶቹ ደረጃው ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ጥሩምባውን ሰምቻለሁ። ሙከራው ዛሬ የለም። አይ፣ ነገም የለም፤ ዲስኩ እስኪመጣ የለም። ክፍሉን ለፈለጉት ይስጡት። ለእንግዶቹ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ከብረቱ ጀምሬ። የሰኞውንም፣ የዛሬ አሥራ አራት ዓመቱንም። የለም፣ ክቡር ዲን፣ ወይዘሮ ደብሪቱ አይደሉም፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።